የሁለተኛው ምድብ ዋንጫ

ከአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ

ዋንጫ ሁሉ አንድ ዓይነት ይመስለን ይሆናል፤ ነገር ግን አይደለም። የላይኛውን ውድድር ያሸነፈ ቡድን በሚመጣው ዓመት ክብሩን ለመጠበቅ በዚያው ሜዳ ላይ ይገኛል፤ ተመልካቹም «ያምናው አሸናፊ መጣ» እያለ ይቀበለዋል። የሁለተኛውን ምድብ ያሸነፈ ቡድን ግን ሌላ ዕጣ አለው። ሽልማቱ ያሸነፈበትን ቤት ትቶ መውጣት ነው። ወደ ላይ ያልፍና ከሁሉ ታናሽ ሆኖ እንደ ገና ይጀምራል፤ የተወውም ቦታ ለሌላ ይሆናል።

እኔ ስለዚህ ነገር አስቤ የማላውቅ ሰው ነበርሁ። እንዳስብበት ያደረገኝ አምና በገዛ አፌ የፈጸምሁት በደል ነው። ክቡራን መምህራኖቻችን፥ ወላጆቻችንና የትምህርት ቤት ጓደኞቼ ይህን ቢያነቡ ከስሕተቴ የሚያገኙት ጥቅም ይኖራል ብዬ ስላመንሁ፥ እነሆ ሳልደብቅ ጻፍሁት።

የቅርጫት ኳስ በአገራችን እንደ እግር ኳስ ብዙ ሕዝብ የሚሰበሰብበት ጨዋታ አይደለም። የእኛም ቡድን የሚለማመደው ሲሚንቶው በተሰነጣጠቀና አንደኛው ቅርጫት መረብ በሌለው ሜዳ ላይ ነው። እኔ ዘጠነኛ ክፍል በገባሁበት ዓመት ቡድናችን በትምህርት ቤቶች ውድድር መጨረሻ ሆኖ ከአንደኛው ምድብ ወደ ሁለተኛው ወረደ። ከዚያ ወዲህ ጧት ጧት በሰልፍ ላይ የስፖርት ውጤት ሲነገር የእግር ኳሱና የሩጫው ስም ይጠራል እንጂ የእኛን የሚያነሣው አልነበረም። አንድ ጊዜ ብቻ አንድ ተማሪ ከኋላዬ ሆኖ «እነዚህ ደግሞ ገና አሉ እንዴ?» ሲል ሰማሁት። ይህ ቃል ሁለት ዓመት ሙሉ ከጆሮዬ አልወጣም።

በቡድኑ ውስጥ አንድ ጓደኛ ነበረኝ። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምረን በአንድ ዴስክ የተቀመጥን፥ እንጀራችንን ከአንድ ምሳ ዕቃ የበላን ነን። እሱ ረጅም ነው፤ እኔ አጭር ነኝ። እሱ ዝምተኛ ነው፤ እኔ ግን አምበል እስክባል ድረስ የምጮኽ ነኝ። ገና ሳይነጋ ዘበኛው በሩን እንዲከፍቱልን እየለመንን ገብተን እኔ አቀብለዋለሁ፥ እሱ ይወረውራል። ቡድናችን በአንድ ጨዋታ ከሚያገባው ነጥብ ግማሹ የእሱ ነበር። ማልያው ቁጥር 7 ነው።

አምና በግንቦት ወር ነገሩ ሁሉ ወደ አንድ ግጥሚያ ደረሰ። በሁለተኛው ምድብ እኛና ሌላ አንድ ትምህርት ቤት በነጥብ እኩል ሆነን፥ ቅዳሜ ያሸነፈ ወደ አንደኛው ምድብ እንዲያልፍ ተወሰነ። ሐሙስ ዕለት ከልምምድ በኋላ ጓደኛዬ ወደ ጎን ወሰደኝ።

«ቅዳሜ አልኖርም» አለኝ።

የሚቀልድ መስሎኝ ሣቅሁ።

«አንድ የአንደኛ ዲቪዚዮን ክለብ ወጣቶችን ሊፈትን ጠርቶኛል። ፈተናው ቅዳሜ ጧት ነው። በሌላ ቀን እንዲያደርጉልኝ ለመንኋቸው፤ አይሆንም አሉኝ።»

«ቅዳሜ ምን እንዳለብን ረሳኸው?»

«አልረሳሁም። ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።»

እዚያው ላይ ዝም ብል መልካም ነበር። እኔ ግን ድምፄን ከፍ አድርጌ ቡድኑ ሁሉ እየሰማ «እኛን መሰላል አድርገህ ልትወጣብን ነው! ከሃዲ ነህ! ከእንግዲህ ወዲያ ጓደኛዬ አይደለህም!» አልሁት። እሱም አንዳች ቃል አልመለሰልኝም። ማልያውን አውልቆ፥ እናት የልጅዋን ልብስ እንደምታጥፍ አድርጎ አጣጥፎ፥ በአግዳሚው ወንበር ላይ አስቀመጠና ሄደ።

ቅዳሜ 43 ለ41 ተሸነፍን። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሴኮንዶች ሲቀሩ ተጋጣሚያችን ስለ መታኝ ዳኛው ማንም ሳይከለክለኝ ሁለት ጊዜ እንድወረውር ፈቀደልኝ። ሁለቱንም ብገባቸው እኩል እንሆን ነበር። ሁለቱንም ሳትሁ። ወደ ቤቴ ስሄድ ግን መንገዱን ሁሉ የረገምሁት የሳተውን የራሴን እጅ ሳይሆን ያልነበረውን ጓደኛዬን ነው። የራስን ጥፋት በሌላ ትከሻ ላይ ማስቀመጥ ምን ያህል ቀላል እንደ ሆነ ያን ቀን አየሁ፤ ነገር ግን ያየሁት መሆኑ የገባኝ በኋላ ነው።

ከዚያ በኋላ ዴስክ ቀየርሁ። ክረምቱ አለፈ፤ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ እኛ ግን በመንገድ ስንገናኝ እኔ ሱቅ እንደሚያይ ሰው ፊቴን እያዞርሁ አልፈው ነበር።

የስፖርት መምህራችን ይህን ሁሉ ያያሉ፤ ግን ምንም አላሉኝም። በጥቅምት ወር አንድ ቀን ጠርተው «ለስፖርት ክበብ ንግግር ታደርጋለህ። ርእሱም የጀርመን ሁለተኛ የቅርጫት ኳስ ሊግና አሸናፊዎቹ ነው» አሉኝ። «መምህር፥ ስለ ትልቁ የአሜሪካ ሊግ ብናገር አይሻልም? ተማሪው የሚወደው እሱን ነው» ብላቸው፥ «እሱን ሁሉም ያውቀዋል። አንተ ከታች ያለውን አጥና» ብለው አሰናበቱኝ። እኔም በቤተ መጻሕፍታችን ካሉት መጻሕፍትና ከኮምፒዩተሩ ያገኘሁትን እየቀዳሁ ሁለት ሳምንት ሠራሁ። ያነበብሁትን አሳጥሬ እነሆ እነግራችኋለሁ፤ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጀርመኖች ክለቦቻቸውን እንደ መሰላል በደረጃ በደረጃ አሰናድተዋቸዋል። ከሁሉ በላይ ቡንደስሊጋ የሚባለው አለ። ከሥሩ ያለው ሁለተኛው ሊግ ቀድሞ ሰሜንና ደቡብ ተብሎ በሁለት ምድብ ይካሄድ ነበር፤ በ2007 ግን እንደ ገና ተደራጅቶ ፕሮ ኤ እና ፕሮ ቢ የተባሉ ሁለት ደረጃዎች ሆነ። በዓመቱ መጨረሻ ከፕሮ ኤ ሁለት ቡድኖች ወደ ቡንደስሊጋ ለመውጣት መብት ያገኛሉ፤ ከላይ ደግሞ መጨረሻ የሆኑት ይወርዳሉ። ሆኖም ማሸነፍ ብቻውን በሩን አይከፍትም። የክለቡ ሒሳብ ይመረመራል፤ በቂ ተመልካች የሚይዝ አዳራሽ እንዳለውም ይጠየቃል። ስለዚህ በሜዳ ላይ አሸንፈው በገንዘብ እጥረት ምክንያት ባሉበት የቀሩ ቡድኖች ነበሩ።

ከነዚህ ሁሉ ክለቦች ታሪክ እኔን ያስቆመኝ የቩርዝቡርግ ነው። ቩርዝቡርግ በባቫሪያ ውስጥ በማይን ወንዝ ዳር ያለች ከተማ ናት። በ1994 የከተማይቱ ክለብ በሁለተኛው ሊግ ሲጫወት ዲርክ ኖቪትስኪ የሚባል የ16 ዓመት ልጅ ወደ ቡድኑ ገባ። አባቱ የእጅ ኳስ፥ እናቱ ደግሞ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ነበሩ። ልጁን ያስተማረው ሆልገር ጌሽቪንድነር በ1972 በሙኒክ ኦሎምፒክ ለአገሩ የተጫወተ ሰው ሲሆን፥ ውርወራ ብቻ ሳይሆን ጀልባ እንዲቀዝፍ፥ መጻሕፍት እንዲያነብና የሙዚቃ መሣሪያ እንዲማር ያደርገው ነበር።

ነገር ግን ነገሩ በአንድ ቀን አልሰመረም። በ1996 ቡድኑ ለማደግ ተቃርቦ ሳለ በሚያዝያ ወር በሐምቡርግ ቡድን 86 ለ62 ተሸነፈ፤ የ17 ዓመቱ ኖቪትስኪም በዚያ ቀን ያገባው 8 ነጥብ ብቻ ነበር። በ1997 እንደ ገና ሞክረው እንደ ገና ቀሩ። በሦስተኛው ዓመት ልጁ የውትድርና አገልግሎቱን እየፈጸመ ይጫወት ነበር፤ በአንድ ጨዋታም በአማካይ 28.2 ነጥብ ያገባ ጀመር። ቩርዝቡርግም ከምን ጊዜውም ይልቅ ወደ በሩ ቀረበ።

በዚህ ጊዜ ምን ሆነ? ቡድኑ ለማደግ በሚታገልበት በዚያ ወቅት፥ በ1998 በመጋቢት ወር፥ ኖቪትስኪ ከጌሽቪንድነር ጋራ ባሕር ተሻግሮ አሜሪካን አገር ሳን አንቶኒዮ ወደሚባል ከተማ ሄደ። እዚያም ከልዩ ልዩ አገር የተመረጡ ወጣቶች ከአሜሪካ ወጣቶች ጋራ ሲጋጠሙ 33 ነጥብ አገባ፤ ከቅርጫቱ የተመለሰውንም ኳስ 14 ጊዜ ያዘ። የአሜሪካ ሰዎች ያን ቀን ስሙን ያዙት።

ይህን ሳነብ እርሳሱ ከእጄ ወደቀ። ቩርዝቡርግ ውስጥ አምበል ብሆን ኖሮ ያን ልጅ ምን ብዬ እጠራው እንደ ነበር አውቃለሁና። አንድ ቃል ብቻ ነበረኝ፤ እሱንም ለጓደኛዬ ሰጥቼዋለሁ።

ይሁን እንጂ ቩርዝቡርግ አልተበተነም። በዚያው ዓመት ለማደግ በተደረገው ውድድር አንደኛ ሆነና ወደ ቡንደስሊጋ ወጣ። ኖቪትስኪም በዚያው በጋ ለአሜሪካው ሊግ ከተመረጡት 9ኛ ሆኖ ወደ ዳላስ ክለብ ተመደበ። የአሜሪካው ሊግ በባለቤቶቹና በተጫዋቾቹ ክርክር ምክንያት ተዘግቶ ስለ ነበር፥ ጥቂት ወራት ለቩርዝቡርግ በላይኛው ሊግ ተጫወተና በ1999 መጀመሪያ ሄደ። በዳላስም የመጀመሪያው ዓመት ከባድ ነበር፤ አማካዩ ወደ 8.2 ነጥብ ወረደ። ከዚያ በኋላ ግን በ2007 የሊጉ ኮከብ ተጫዋች ተባለ፤ በ2011 ዳላስን ለዋንጫ አበቃ፤ እስከ 2019 ድረስም 21 የውድድር ዘመን ከዚያው ክለብ ሳይለይ ተጫወተ።

የቀረው ክለብስ? ቩርዝቡርግ በ2005 ከቡንደስሊጋ ወረደ። እንደ ገና ከታች ተነሥቶ፥ ደረጃ በደረጃ ወጥቶ፥ በ2011 ተመለሰ። በዚያ ዓመት የፕሮ ኤ አሸናፊ የነበረው በእግር ኳስ የምናውቀው ባየርን ሙኒክ ነው፤ ከሦስት ዓመት በኋላ፥ በ2014፥ የጀርመን ሁሉ አሸናፊ ሆነ። የኡልም ክለብ በ2006 ከሁለተኛው ሊግ ወጥቶ የአገሪቱን ዋንጫ ያገኘው በ2023 ነው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንደሚባለው፥ ለኡልም ከመውጣት እስከ ማሸነፍ 17 ዓመት ፈጀበት።

የአሸናፊዎቹን ስም በዝርዝር ስጽፍ አንድ ነገር አስተዋልሁ። ያምናው አሸናፊ ከዘንድሮው ዝርዝር ውስጥ ብዙ ጊዜ የለም። የሌለው ግን ተሸንፎ አይደለም፤ ወጥቶ ነው። የታችኛው ሊግ በየዓመቱ ምርጡን አሳድጎ የሚሸኝ ቤት ነው። በዚያ ቤት ውስጥ ሆኖ የሚወጣውን መርገም ቤቱ የተሠራበትን ምክንያት አለማወቅ ነው። እኔ «እኛን መሰላል አድርገህ» ብዬ ተቈጥቼ ነበር፤ መሰላል ግን የሚሠራው ሊወጣበት ነው።

ንግግሩን ያደረግሁት ዓርብ ነው። ከጨረስሁ በኋላ መምህሩ «ደኅና ተናግረሃል» አሉና ቀጥለው «ለክበቡ ተናገርህ፤ ለሚገባውስ መቼ ትናገራለህ?» አሉኝ። ቅዳሜ ጧት ወደ ጓደኛዬ ቤት ሄድሁ። ከበሩ ስደርስ እግሬ ከበደኝ፤ ተመልሼ ልሄድ ስል እናቱ አዩኝ።

«አንተ ልጅ! ምነው እንዲህ ጠፋህ? ምን በድለንህ ነው?» አሉኝ።

«የበደልሁስ እኔ ነኝ፥ እማማ» አልሁ።

«በል ግባ፤ ቡና ደርሷል። ነገሩን ተቀምጠህ ትነግረኛለህ» ብለው እጄን ይዘው አስገቡኝ።

ጓደኛዬ ከጓሮ መጣ። ኳስ ይዟል፤ ግራ እጁም በፕላስተር ተሸፋፍኗል። ምን እንደ ነካው ብጠይቀው ዝም አለ። እናቱ ናቸው የመለሱልኝ፤ «ሌሊት ተነሥቶ ከግድግዳው ጋራ ይማታል። በግራ እጄ ካልቻልሁ አይሆንም ይላል» አሉ። ያን ጊዜ ነገሩ ተገለጠልኝ። ያን ቅዳሜ ፈተናውን አላለፈም ነበር። አሠልጣኙ «ቁመትህ መልካም ነው፤ ግራ እጅህ ግን አይሠራም። ሠርተህ ተመለስ» ብለው መልሰውታል። እኔ በክለብ ማልያ ደምቆ ይሄዳል ብዬ የቀናሁበት ጓደኛዬ በዚያን ቀን እንደኛው ተሸንፎ፥ ያውም ብቻውን ተሸንፎ፥ ወደ ቤቱ ገብቶ ኖሯል።

«ለምን አልነገርኸኝም?» አልሁት።

«በምን አፌ? ባልፍ ትቈጣለህ፤ ብወድቅ ደግሞ እሰይ ትላለህ ብዬ ፈራሁ።»

ይህን ሲለኝ ያፈርሁት እፍረት በሕይወቴ ገጥሞኝ አያውቅም። «የወደቀ ግንድ ምሣር ይበዛበታል» ይባላል፤ ከምሣሮቹ አንዱ እኔ ነበርሁ። ሁለቱን ውርወራዎች እንደ ሳትሁም ነገርሁት፤ እስከዚያ ቀን ድረስ «ዳኛው በደለን» እያልሁ ነበር የማወራው። ይቅርታ ጠየቅሁት። እሱም እንደ ልማዱ ብዙ አልተናገረም፤ ኳሷን ወረወረልኝና «ከግራ በኩል አቀብለኝ» አለኝ። ቡናው ሦስተኛው እስኪደርስ ድረስ በጓሮ ቆየን።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ወደ ቡድኑ ተመለሰ። ዘንድሮ በሁለተኛው ምድብ አንድ ጊዜ ብቻ ተሸንፈን በመጨረሻው ግጥሚያ 52 ለ47 አሸነፍን። የመጨረሻዋንም ነጥብ ያገባት ጓደኛዬ አይደለም፥ እኔም አይደለሁም፤ ሁለት ተከላካዮች እሱን ከበው ሳሉ በግራ እጁ ያቀበለው አንድ የአሥረኛ ክፍል ልጅ ነው። በማግሥቱ በሰልፍ ላይ የቡድናችን ስም ተጠራ። ዋንጫው ትንሽ ነው፤ በርእሰ መምህሩ ቢሮ መስኮት ላይ ተቀምጧል፤ የሚፈልግ ገብቶ ያየዋል።

በሚመጣው ዓመት ትምህርት ቤታችን በአንደኛው ምድብ ይጫወታል፤ እኛ ግን አንኖርም። የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ነንና እንሄዳለን። ዋንጫውን ያመጣን እኛ፥ የሚጫወቱበት ግን እነዚያ የአሥረኛ ክፍል ልጆች ናቸው። አምና ቢሆን ይህን ነገር እንደ በደል እቈጥረው ነበር። አሁን ግን መምህራኖቻችንን አያለሁ። እነሱ በየዓመቱ ያስተማሩትን ተማሪ ወደ ላይ ልከው፥ በመስከረም ደግሞ ምንም ከማያውቀው ጋራ ከሀ ይጀምራሉ። ወላጆቻችንም እንደዚሁ ናቸው። ስማቸው ከላይኛው ሊግ ዝርዝር ውስጥ ባይጻፍ፥ ከዚያ የሚደርስ ሁሉ በእነሱ እጅ ያለፈ ነው።

ስለዚህ፥ በሚመጣው ዓመት በዚያ በተሰነጣጠቀ ሜዳ ላይ የምትቀሩ ታናናሾቻችን ሆይ፥ አንድ ነገር አደራ እንላችኋለን። ከመካከላችሁ አንዱ በማይመች ቀን ወደ ላይ ቢጠራ ልታዝኑ ትችላላችሁ፤ ማዘን የሰው ነው። ቃላችሁን ግን ጠብቁ። እስከ በሩ ድረስ ሸኙት፤ ሳይሳካለት ቢመለስም ቦታውን አትንፈጉት።

ጓደኛዬ በሚመጣው ክረምት እንደ ገና ሊፈተን ተጠርቷል። ያን ቀን ቦርሳውን የምይዝለት እኔ ነኝ። ቁጥር 7 ማልያ ግን ታጥቦ፥ ታጥፎ፥ በስፖርት ዕቃ ቤቱ ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል። ለሚመጣው ይሁን።